የ1462ቱ የኻኤን ገና፦ በድንበር ከተሞች ትዕይንት ውስጥ ሙስሊሙ፣ አይሁዱና "አዲሱ ክርስቲያን"

ድንበር_ዘመን (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። "የካስቲል ድንበር ሰዎች ሙስሊሙን ይጠሉት ነበር ወይስ ይወዱት ነበር" የሚለው ሙግት በየክሩ እየተነሣ በስድብ ስለሚያልቅ፣ ከአንድ ቀን ትዕይንት ተነሥተን ብንወያይ ይሻላል ብዬ ይህን ከፈትኩ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ በደቡብ ስፔን የምትገኘው ኻኤን ናት። ከ1246 ጀምሮ በክርስቲያኑ የካስቲል መንግሥት እጅ ገብታ ከግራናዳ የሙስሊም መንግሥት ጋር ትዋሰን ነበር። ጊዜው የ1462 የገና ሰሞን ነው። (ካስቲል ያኔ ዓመት የምትለውጠው በገና ዕለት ስለነበር 1463 ተብሎ ብታገኙትም ስሕተት አይደለም።) የከተማዋ አዛዥ ሚጌል ሉካስ ደ ኢራንሶ ይባላል። ከተራ ቤተሰብ የወጣ ሰው ሲሆን፣ ንጉሥ ኤንሪኬ 4ኛ በ1458 የካስቲል ኮንስታብል (የጦሩ የበላይ አዛዥ የሚባል ማዕረግ) አድርጎ ሾሞታል።

በዚያ ቀን 200 ፈረሰኞች ለሁለት ተከፈሉ። መቶው በራሳቸው ልብስ ቀሩ፤ መቶው ሰው ሠራሽ ጢም ለጥፈው የሙስሊም ልብስ ለበሱ። እነዚህኞቹ "የሞሮኮ ንጉሥ" ያሉትን ሰው አጅበው መጡ። ነቢዩ መሐመድን ወክሎ የተሠየመው ሰው በተሸለመች በቅሎ ላይ ተቀምጦ፣ አራት ሰዎች በአራት ዘንግ የወጠሩት ጥላ በላዩ ሆኖ፣ ቁርኣኑና የሕግ መጻሕፍቱ አብረውት ነበሩ። መልእክተኞች ለኮንስታብሉ ደብዳቤ አቀረቡ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ በጦርነት ደጋግማችሁ አሸንፋችሁናል፤ እስቲ በሸምበቆ ጉግስም እንግጠም፤ በዚህም አምላካችሁ ከረዳችሁ ሃይማኖታችሁን እንቀበላለን።

ጨዋታው ከሦስት ሰዓት በላይ ቆየ፤ የቆመው ፈረሶቹ መንቀሳቀስ ሲያቅታቸው ነው። ከዚያ "ንጉሡ" መሸነፉን አመነ። መጽሐፉ መሬት ተጣለ፤ ሰልፉ ወደ ማግዳሌና ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ነቢዩን የወከለው ሰው ምንጩ ውስጥ ተወረወረ፤ በ"ንጉሡ" ራስ ላይ አንድ እንስራ ውኃ ፈሰሰና ተጠመቀ ተባለ። ሁሉም ወደ ኮንስታብሉ ቤት ተመልሰው ፍራፍሬና ወይን ቀረበላቸው።

የባላንጣቸውን ልብስ በደስታ የሚለብሱ፣ ጨዋታውንም የሚጫወቱ ሰዎች መጨረሻውን ለምን እንዲህ አደረጉት? በኔ በኩል አድናቆቱም የድል ምኞቱም እውነተኛ ነበሩ ባይ ነኝ፤ ትዕይንቱም የተሠራው ሁለቱን ሳያጋጭ አንድ አደባባይ ላይ ለማዋል ነው። ምን ትላላችሁ?

ፈረስ_ጉግስ

የጨዋታው አሠራር ካልታወቀ ትርጉሙም አይታወቅምና እሱን ላስቀድም። ጉግስ ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ፈረሰኞቹ በትናንሽ ቡድን ይመደባሉ፤ በአንድ ቡድን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሰው ይገባል። ቡድኖቹ በአደባባዩ ሁለት ጫፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንደኛው ጋልቦ ይመጣል፣ ሸምበቆውን ይወረውራል፣ ወዲያው ፈረሱን አዙሮ ይሸሻል፤ ሲሸሽ ጋሻውን ወደ ጀርባው ያዞራል። የተወረወረበት ቡድን ተነሥቶ ያሳድደዋል፤ እሱም በተራው ወርውሮ ሲመለስ ሌላ ቡድን ይከተለዋል። መወርወር፣ መዞር፣ መሸሽ፣ መከላከል በሰንሰለት ይቀጥላሉ።

ይህ በከባድ ኮርቻ አይሆንም። የሰሜኑ ባላባት በረዥም እርካብ፣ እግሩን ቀጥ አድርጎ ነው የሚቀመጠው፤ ለከባድ ጦር ግጥሚያ ይመቻል፣ ቶሎ ለመዞር ግን አይሆንም። የድንበሩ ሰው እርካቡን ያሳጥራል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፤ እርካቡ ላይ ቆሞ ወርውሮ በቅጽበት መዞር ይችላል። ይህን አቀማመጥ ወደ ስፔን ያመጡት የሰሜን አፍሪካ የዘናታ በርበር ፈረሰኞች ናቸው። ጋሻውም የነሱ ነው፦ ሁለት እንቁላል ጎን ለጎን የተጣበቁ የሚመስል፣ ከቆዳ ብቻ የተሠራ፣ ቀላል። ምርጡ ከፌዝ የሚመጣውና ከሳላ ቆዳ የሚሠራው ነበር።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ ሸምበቆው ላይ። እርጥብ ከሆነ ይከብድና አጥንት ይጎዳል፤ ከመጠን በላይ ከደረቀ ጋሻ ላይ ሲሰበር ስንጥሩ ዓይን ያገኛል። ሁለተኛ መዞሪያው ላይ። ሁሉም ወደ አንድ እጅ ካልዞረ የሚመለሰውና የሚያሳድደው ይላተማሉ፤ የሚወድቀው ደግሞ ፈረሰኛው ብቻ ሳይሆን ፈረሱም ነው። ሦስተኛው ንዴት ነው፤ አንድ ሰው ፊት ላይ ከተመታ ጨዋታው ወደ ጠብ የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው።

ለድንበር_ዘመን ጥያቄ የሚጠቅመው ደግሞ ይህ ነው፦ ጨዋታው ነጥብ የለውም። ማን አሸነፈ የሚባለው በተመልካችና በጌታው ፈቃድ ነው። ስለዚህ በ1462 የ"ሞሮኮ ንጉሥ" ሽንፈት ፈረስ ሳይጫን በፊት የታወቀ ነበር። በሦስቱ ሰዓት ውስጥ ግን ሁለቱም ወገን እኩል ጎበዝ ሆኖ መታየት አለበት፤ ካልሆነ ጨዋታው አያምርም፣ ድሉም ክብር የለውም።

ሰሚራ_ንባብ

@ፈረስ_ጉግስ ገለጻህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጨዋታው ላይ ብዙ ቆይተን መጨረሻውን በጥድፊያ እንዳናልፈው እሰጋለሁ። አንድ ቅዱስ መጽሐፍ መሬት ተጥሏል፤ የአንድ ሃይማኖት ነቢይ በሕዝብ ፊት ተዋርዷል። ያን ቀን አደባባይ የዋለ የኻኤን ሕፃን የሚያስታውሰው የኮርቻውን ዓይነት አይደለም።

ሰልፉ የሄደበት ቦታም በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለኝም። ማግዳሌና ቀድሞ መስጊድ ነበር። የመስጊዱ ግቢና መታጠቢያ ገንዳው እስከ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር አለ፤ ምንጩም እዚያው አጠገብ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ሕንፃው የተለወጠበትን ነገር በሰው ላይ እየደገሙት ነው።

ትዕይንቱን ከሕጉ ጋር አብራችሁ እዩት። በ13ኛው መቶ ዘመን የተዘጋጀው የካስቲል ታላቁ የሕግ መድበል፣ ቅዱስ ቁርባን በመንገድ ሲያልፍ ያገኘው አይሁድ ወይም ሙስሊም እንደ ክርስቲያኑ እንዲሰግድ፣ አለዚያ ከመንገዱ ዞር እንዲል ያዛል። አይሁድ በስቅለት ዓርብ ከቤታቸው እንዳይወጡ የሚከለክል አንቀጽም አለበት። አደባባዩ የሁሉም አልነበረም፤ ለአንዳንዱ መቆሚያው፣ ለአንዳንዱ መሸሸጊያው ተለክቶ ተቀምጧል።

ድንበር_ዘመን

@ሰሚራ_ንባብ ስለ ማግዳሌና ያልሽውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት። ለምን "የሞሮኮ ንጉሥ" ሆነ? የኻኤን ባላንጣ እኮ ግራናዳ ናት። የግራናዳ ሰው ግን ጎረቤት ነው፤ እስረኛ ይለዋወጡታል፣ ይነግዱታል፣ ነገ በመልእክተኛነት እዚሁ ከተማ ይመጣል። የሞሮኮ ንጉሥ ግን ባሕር ማዶ ነው፤ ለተውኔት ይመቻል። ጎረቤትን በስሙ ሳይጠሩ እምነቱን ማሸነፍ የተቻለው በዚህ ዘዴ ይመስለኛል።

ሌላው፣ ይህ የአንድ ቀን ነገር አልነበረም። ኢራንሶ ዓመቱን በሙሉ በበዓል ይሞላው ነበር። በጥር 1461 ከቴሬሳ ደ ቶሬስ ጋር ያደረገው ሠርግ ሳምንታት ፈጅቷል፤ ለጥምቀት በዓላቸው ሰብአ ሰገል በቤቱ በተውኔት ይቀርባሉ፤ በትንሣኤ ማግስት የእንቁላል ውርወራ "ጦርነት" አለ፤ ሰኔ 24 ለቅዱስ ዮሐንስ በማለዳ በሙስሊም ልብስ ግልቢያ ይወጣሉ። የሰኔውን በዓል የአንዳሉስ ሙስሊሞችም ያከብሩት ነበር፤ ስለዚህ ቀኑ ራሱ የሁለቱም ነው። በ1464 ንጉሥ ኤንሪኬ ኻኤን ሲገባ በ"ሙስሊም" ፈረሰኞች ከመታጀቡ ሌላ፣ የከተማዋ ልጆች በብዛት በሸምበቆ ፈረስ ተቀብለውታል። ልጁ ገና እግሩ እርካብ ሳይደርስ ሚናውን ይለምዳል ማለት ነው።

የአዋሳኝ_ዳኛ

ሁላችሁም አደባባዩ ላይ ናችሁ፤ ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ሳናይ ግን ድንበር ላይ ያለ ሰው ምን እንደሚሰማው አናውቅም።

በካስቲልና በግራናዳ መካከል ብዙውን ጊዜ የተኩስ አቁም ውል አለ። ውል አለ ማለት ግን ሰላም አለ ማለት አይደለም። በድንበሩ ልማድ መለከት ሳይነፋ፣ ሰንደቅ ሳይነሣ፣ ድንኳን ሳይተከል፣ በሦስት ቀን ውስጥ የሚያልቅ ወረራ ውሉን እንደማፍረስ አይቆጠርም። ከብት ይነዳል፣ እረኛ ይማረካል፣ መንደር ይቃጠላል፤ ውሉም ይቀጥላል።

ይህን የሚሸከሙት ሹሞች ናቸው። በሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች መካከል ያለውን ክስ የሚያይ የድንበር ዳኛ አለ። ምርኮኛ የሚያስፈታ፣ በሁለቱም ወገን ያለ ሥጋት የሚያልፍ ደላላ አለ። ከሁሉ የሚደንቁኝ ግን ዱካ ተከታዮቹ ናቸው። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲጠፋ ዱካውን ይዘው እስከ ከተማቸው ወሰን ይሄዳሉ፤ እዚያ ሲደርሱ ለቀጣዩ ከተማ ዱካ ተከታይ ያስረክቡታል፤ እሱም እስከ ራሱ ወሰን ይወስደዋል። ዱካው ከመሬቷ መውጣቱን ማሳየት ያልቻለች ከተማ ተጠያቂ ናት። ርክክቡ ከክርስቲያን ወደ ሙስሊም፣ ከሙስሊም ወደ ክርስቲያን ነው፤ ሁለቱም የሌላውን ቃል ካላመኑ ሥርዓቱ በአንድ ቀን ይፈርሳል።

በ1479 የተጻፉት የኻኤን የከተማ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤዎች በዚህ ዓይነት ጉዳይ የተሞሉ ናቸው። ከኻኤን በስተደቡብ ያለችው ካምቢል በሙስሊም እጅ ነበረች፤ በመድፍ ተመትታ የተያዘችው በ1485 ነው። እስከዚያ ድረስ ከካምቢል ሹማምንት ጋር ደብዳቤ መጻጻፍ የዕለት ሥራ ነው። ኢራንሶ ከዚያ ወገን የሚመጡትን ፈረሰኞች ቤቱ አስገብቶ ያበላ ነበር፤ በዚያው በ1462 በጋ ደግሞ በግራናዳ ግዛት ያለችውን የጓዲክስን አካባቢ ወርሯል። ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው።

አዜብ_22

እስካሁን የተባለው ስለ ሙስሊሙ ነው። ደም የፈሰሰው ግን በዘራቸው አይሁድ በነበሩ ክርስቲያኖች ላይ አይደለም እንዴ? በኻኤን ያን ያህል የተጣጣመ ነገር በ1473 ጎረቤት ከተማ ኮርዶባ ላይ ለምን ፈነዳ?

መዝገብ_ቤት

@አዜብ_22 የክሩ ዋና ጥያቄ የመጣው አሁን ነው።

መነሻው 1391 ነው። በሰኔ ሴቪል ላይ የተጀመረው የአይሁድ ጭፍጨፋ ኮርዶባንና ኻኤንንም አዳረሰ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ነፍሳቸውን ለማትረፍ ተጠመቁ። እነሱና ዘሮቻቸው ናቸው "አዲስ ክርስቲያን" የሚባሉት። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ክርስቲያን ሆነው ተወለዱ፤ ለአይሁድ የተከለከለው ሹመት፣ ግብር መሰብሰብ፣ ከባላባት ጋር መጋባት ተፈቀደላቸው። ጥላቻውም ተከትሏቸው መጣ። በ1449 የቶሌዶ አመፀኞች እነዚህን ሰዎች ከሹመት የሚያግድ ድንጋጌ አወጡ፤ የሮማው ፓፓ ኒኮላስ 5ኛ በዚያው ዓመት ቢያወግዙትም ሐሳቡ አልሞተም።

ኮርዶባ፣ መጋቢት 1473፣ ዐቢይ ጾም። የበጎ አድራጎት ማኅበር የተባለው የምእመናን ማኅበር የእመቤታችንን ምስል ይዞ በሰልፍ ወጣ። ማኅበሩ አዲስ ክርስቲያኖችን አይቀበልም ነበር። ሰልፉ በአንጥረኞቹ ሰፈር ሲያልፍ ከአንድ አዲስ ክርስቲያን ቤት መስኮት አንዲት የ8 ወይም የ10 ዓመት ልጅ ውኃ ደፋች፤ ምስሉ ላይ ፈሰሰ። አሎንሶ ሮድሪጌስ የተባለ አንጥረኛ "ሽንት ነው፣ ሆን ብለው ነው፣ እንበቀል" ብሎ ጮኸ። ቤቶች ተቃጠሉ። ቶሬብላንካ የተባለ ጨዋ ሊገላግል ገብቶ ቆሰለ፤ በእግር ተረገጠ።

የከተማዋ ጌታ ዶን አሎንሶ ደ አጊላር ፈረሰኞች ይዞ መጣ፤ አንጥረኛው ተሳደበ፤ አጊላር በጦር ወጋው። ከተማው ጸጥ ያለ መሰለ። አስከሬኑ ቤቱ ተጋድሞ ሰው ሊያለቅስ ሲሰበሰብ ግን "ተነሣ፣ ተንቀሳቀሰ፣ ደሜን መልሱ አለ" የሚል ወሬ ተነዛ። ሕዝቡ ከፊተኛው በባሰ ቁጣ ወጣ። አጊላር መቋቋም አቅቶት ወደ ቤተ መንግሥቱ ቅጥር ሸሸ፤ ዘረፋው፣ ግድያው፣ መድፈሩ ለቀናት ቀጠለ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ደግሞ ሥርዓት ያለው ነው፦ አዲስ ክርስቲያን በኮርዶባ ሹመት እንዳይይዝ ታወጀ። ግርግሩ ወደ ሞንቶሮ፣ ቡኻላንሴና ላ ራምብላም ተዛመተ።

ፈረስ_ጉግስ

የውኃዋ ነገር ምክንያት አይደለችም፤ ሰበብ ናት። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ኮርዶባ በአጊላርና የካብራ ኮንት በተባለው ባላባት ወገኖች ተከፍላ ትታመስ ነበር፤ አዲስ ክርስቲያኖቹ የአጊላር ደጋፊዎች ነበሩ፤ ለጦሩም ገንዘብ ያቀርቡ ነበር። ሁለተኛ፣ የኤንሪኬ ገንዘብ ረክሶ ነበር፣ እህልም ተወዷል። የተራበ ሰው ጎረቤቱ ወታደር ሲያስታጥቅ እያየ ነው።

መዝገብ_ቤት

@ፈረስ_ጉግስ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን ረሃብ በጥር ነበረ፣ በየካቲትም ነበረ። ቀኑንና ቦታውን የወሰነው ሰልፉ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ተመልከት። ሰልፍ ሲያልፍ የመንገዱ ቤቶች ሁሉ በጨርቅና በአበባ ያጌጣሉ፤ የማን ደጅ ባዶ እንደ ሆነ በግልጽ ይታያል። ማኅበሩ አዲስ ክርስቲያኖችን ስለማይጨምር እነሱ በዚያ ቀን ወይ ተመልካች ናቸው ወይ ቤታቸው ናቸው፤ የሚሸከሙት ምስል፣ የሚይዙት ጧፍ የለም። ከመስኮት የሚወርድ ነገር ሁሉ "ከውጭ የመጣ" የሚሆነው ለዚህ ነው። ያው ውኃ ከማኅበርተኛ ቤት ቢፈስ ልጅቷን ተቆጥተዋት ይቀር ነበር።

ሰሚራ_ንባብ

ከዚህ ላይ ነው እኔ ከድንበር_ዘመን የምለየው። የኻኤኑ ትዕይንት ሁለቱን ስሜት አቻችሎ የያዘው ሙስሊሙ በአደባባዩ ስላልነበረ ነው። ጢሙ የተለጠፈ ነው፤ ለባሹ የኮንስታብሉ ቤተኛ ነው፤ ማታ ጢሙን አውልቆ ወይን ይጠጣል። አዲሱ ክርስቲያን ግን የሚያወልቀው ጢም የለውም። የሚጠመቅበት ምንጭም የለም፤ ተጠምቋል፣ አልበቃም። የ1462ቱ ተውኔት መጨረሻ ላይ "ንጉሡ" በአንድ እንስራ ውኃ ወንድም ሆኖ ግብዣ ይቀመጣል። በ1473 ሕዝቡ እየጮኸ ያለው ያ እንስራ ዋጋ የለውም ብሎ ነው።

ኢራንሶም የሞተው በዚሁ ወር ነው። ኮርዶባ ከተናወጠች በኋላ ባሉት ቀናት፣ ኻኤን ካቴድራል ውስጥ ተንበርክኮ ሲጸልይ በቀስት እንጨት ራሱን መትተው ገደሉት፤ የከተማዋ ሕዝብም ወዲያው ወደ አዲስ ክርስቲያኖቹ ቤት ዞረ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ያን ሁሉ በዓል ያበላቸው ሰው ነው።

ድንበር_ዘመን

@ሰሚራ_ንባብ ይህን አልከራከርም። የምጨምረው ጊዜው መለወጡን ነው። በመስከረም 1471 የግራናዳ ጦር ከማርቶስ አጠገብ ያሉትን ላ ኢጌራንና ሳንቲያጎን አጥፍቷል፤ ኢራንሶ በጥቅምት ለሮማው ፓፓ ሲክስቱስ 4ኛ የእርዳታ ደብዳቤ ጽፏል። መንደሩ የተቃጠለበት ሰው በቀለሙ ያማረ የሐር ቀሚስ ለብሶ "ሙስሊም" መሆን ደስ አይለውም። እኔ እንደሚመስለኝ ትዕይንቱ የሚሠራው ድንበሩ ለሁለቱም ወገን ትርፍ እስካለው ድረስ ነበር፤ ትርፉ ሲነጥፍ ሕዝቡ ጌታውን "የማን ወገን ነህ?" ማለት ጀመረ። ኤንሪኬንም ያሙት በዚሁ ነበር፤ የሙስሊም ዘበኛ አለው፣ እንደ እነሱ ይለብሳል፣ እንደ እነሱ ይቀመጣል እያሉ።

አዜብ_22

ሙርሲያስ? ርዕሱ ላይ አይሁድም ሙስሊምም ብላችኋል፤ እዚያ ሁለቱም በአካል ነበሩ።

የአዋሳኝ_ዳኛ

@አዜብ_22 በምሥራቁ የካስቲል ድንበር ከተማ በሙርሲያ ላይ ሙስሊሞቹ አሪሻካ በሚባለው ሰፈር፣ አይሁዱም በራሳቸው ሰፈር ይኖሩ ነበር፤ በ1391 ከተማዋ ጭፍጨፋው አልደረሰባትም። እንዲህ ባሉ ከተሞች አናሳዎቹ ከትዕይንቱ አይቀሩም፣ በታዘዘላቸው መልክ ይገባሉ እንጂ። ንጉሥ ሲገባ አይሁድ የኦሪት ጥቅልላቸውን ተሸክመው፣ ሙስሊሞች በሙዚቃና በጭፈራ ይቀበላሉ። የሙስሊም ሙዚቀኞች ከመፈለጋቸው የተነሣ የ1322ቱ የቫያዶሊድ ጉባኤ በቤተ ክርስቲያን ሌሊት ጸሎት ላይ እንዳይጠሩ መከልከል ነበረበት። ማንም የማያደርገውን ነገር ማንም አይከለክልምና፣ ክልከላው ራሱ ልማዱን ይመሰክራል።

መጨረሻው ግን አንድ ነው። የ1480ው የቶሌዶ ሸንጎ አይሁድና ሙስሊም በሁለት ዓመት ውስጥ በተለየ ሰፈር እንዲከተቱ አዘዘ። ግራናዳ በጥር 1492 ተያዘች፣ አይሁድ በመጋቢት መጨረሻ እንዲወጡ ተፈረመ፣ የካስቲል ሙስሊሞች ደግሞ በ1502 ወይ እንዲጠመቁ ወይ እንዲወጡ ታዘዙ።

አዜብ_22

አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከኮርዶባ የሸሹት የት ደረሱ?

መዝገብ_ቤት

ብዙዎቹ መጀመሪያ ወደ ሴቪል ሄዱ፤ እዚያም ጥላቻው ሲጠብቃቸው ጂብራልታርን ተመኙ። ጂብራልታር ከሙስሊም እጅ የወጣችው በ1462 ነው፤ የድንበር ጫፍ፣ ሰው የሳሳባት፣ የመዲና ሲዶኒያ መስፍን ርስት። ከመስፍኑ ጋር ተደራድረው በ1474 ሰፈሩባት፤ በምላሹ የጦር ሰፈሩን ወጪ በራሳቸው ገንዘብ ሊሸፍኑ ተስማሙ። መስፍኑ በ1476 ውሉን ሽሮ አስወጣቸው። ከፊሎቹ ወደ ኮርዶባ ተመለሱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1482 ኢንኩዊዚሽን (መናፍቃንን የሚመረምረው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት) እዚያ ችሎት ከፈተ።